ጠቅላላ ቃልና ዝርዝር ቃል፤ ስለ መዝገበ ቃላታችንና ስለ ባህል ጥናታችን የቀረበ ትችት

የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለማጥናት የተነሣ ሰው ቤቱንና ዕቃውን፥ እርሻውንና ከብቱን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚመደብና ከየትኛው እንደሚለይ የሚያስረዳው ባለቤቱ የሚሰጠው ስም ነው። ስለዚህ የባህል ጥናት ሁሉ፥ ተመራማሪው ቢወድም ባይወድም፥ የቃላት ጥናት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚሁ ጥናት አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ብዙ ነገሮችን ባንድነት የሚጠራው ጠቅላላ ቃል፥ ከእነዚያም ነገሮች አንዱን ለይቶ የሚጠራው ዝርዝር ቃል በትርጓሜ እንዴት እንደሚለያዩ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም መዝገበ ቃላታችንንና ስለ ሀገራችን ልማድ የተጻፉትን ጽሑፎች ስንመለከት፥ በዚህ ቀላል በሚመስለው ነገር ብዙ ስሕተት ገብቶ እናገኛለን።

አስቀድመን ስያሜውን እንወስን። በሰዋስው ትምህርት የወል ስምና የተጸውዖ ስም የሚባለው ክፍፍል ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም። «ከበደ» የተጸውዖ ስም፥ «ሰው» የወል ስም ነው፤ እኛ የምንናገረው ግን በራሳቸው በወል ስሞች መካከል ስላለው የደረጃ ልዩነት ነው። «እንስሳ»፥ «ከብት»፥ «ላም»፥ «ጥገት» አራቱም የወል ስሞች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተከታይ ከፊተኛው ይጠብባል። ጥገት ሁሉ ላም ናት፤ ላም ሁሉ ግን ጥገት አይደለችም። ቃሉ እየጠበበ በሄደ መጠን የሚጠራቸው ነገሮች ቍጥር ያንሳል፤ ስለ ነገሩ የሚሰጠው ዕውቀት ግን ይበዛል። «ከብት አየሁ» ያለ ሰው የነገረን ጥቂት ነው። «ጥገት አየሁ» ያለን ሰው ግን የእንስሳዪቱን ጾታ፥ መውለዷን፥ መታለቧን፥ የባለቤቷም ቤት ወተት ያለበት መሆኑን ባንድ ቃል ነግሮናል።

አሉታ ሲመጣ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። «ከብት የለኝም» ያለ ገበሬ ላምም በሬም ጥጃም እንደሌለው ተናግሯል፤ «ጥገት የለኝም» ያለው ግን ብዙ በሬ ሊኖረው ይችላል። እንግዲህ ጠቅላላው ቃል በአዎንታ ጊዜ ጥቂት፥ በአሉታ ጊዜ ብዙ ይናገራል፤ ዝርዝሩ ቃል የዚህ ተቃራኒ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ላየንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህን የቃላት ዝምድና «ሃይፖኒሚ» ብለው በትርጓሜ ጥናት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሰጥተውታል። እኛ ግን ለዚህ ሕግ ማስረጃ ለማግኘት ከገበሬው ደጃፍ መራቅ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላቱ እንምጣ። አማርኛ በመዝገበ ቃላት ረገድ ድኻ አይደለም። ከውጭ አገር ሰዎች ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698፥ ኢዘንበርግ በ1841፥ አንቷን ዳባዲ በ1881፥ ኢኛትስዮ ጒዲ በ1901፥ ቶማስ ሌፐር ኬን በ1990፥ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ አማርኛን ባሕር ማዶ ላለ አንባቢ የሚተረጕሙ መጻሕፍት አሳትመዋል። ከራሳችን ሊቃውንት ደግሞ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ. ም. ታትሟል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መጽሐፍ በ1951 ዓ. ም.፥ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ. ም. ወጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ብቻቸውን ሆነው ያለ ገንዘብና ያለ ረዳት የደከሙበትን ሥራ ማቃለል አይገባም፤ ያለ እነርሱ ይህን ትችት እንኳ ለመጻፍ ባልተቻለም ነበር። ሆኖም አክብሮት ከመመርመር አይከለክልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጕድለት ዝርዝሩን ቃል በጠቅላላው ቃል ፈትቶ ማለፍ ነው። አንድ የተክል ስም ይጠቀስና ፍቹ «የዛፍ ዓይነት» ወይም «የእንጨት ስም» ይሆናል፤ አንድ የዕቃ ስም ይነሣና «የሸክላ ዕቃ» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ያለው ፍቺ ሐሰት አይደለም፤ ወይራ በእውነት ዛፍ ነው። ነገር ግን ዝግባም፥ ዋርካም፥ ግራርም፥ ኮሶም ዛፎች ስለ ሆኑ፥ ወይራን ከእነዚህ የሚለየው ነገር ካልተነገረ ፍቺው ምንም አልፈታም። ዝርዝሩ ቃል ከጠቅላላው በላይ የያዘው ትርፍ ዕውቀት የሚገኘው በዚያው ባልተነገረው ልዩነት ውስጥ ነው። ወይራ እንጨቱ ለጪስ፥ ኮሶ አበባው ለመድኃኒት መዋሉን ያላወቀ አንባቢ ስማቸውን ቢያነብ ከስም በቀር ያገኘው ነገር የለም።

የሸክላውን ነገር በምሳሌ እንመልከት። ጋን፥ እንስራ፥ ገንቦ፥ ማሰሮ፥ ምንቸት፥ ድስት፥ ጀበና ሁሉም ከሸክላ ይሠራሉ። ጋን ጠላ የሚጣልበት ትልቁ ዕቃ ነው፤ እንስራ ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ውሃ የሚቀዱበት ነው፤ ምንቸት ከእሳት ላይ ተጥዶ ወጥ የሚሠራበት ነው፤ ጀበና ቡና የሚፈላበት ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጓሜ የሚያገኘው ጋን ከሸክላ ዕቃዎች ሁሉ ትልቁ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ትልቁ በትንሹ ሊረዳ እንደሚችል የሚናገር ነውና። ጋንን «የሸክላ ዕቃ» ብሎ የፈታ መዝገበ ቃላት የምሳሌውን ነፍስ አውጥቶታል፤ በጋን ፈንታ ጀበና ቢገባ ምሳሌው እንደሚፈርስ ማንም ያውቃል። ዛሬ በብዙ አገር እንስራ በፕላስቲክ ጀሪካን፥ የሸክላ ድስትም በብረት ድስት እየተተካ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከሰው እጅ በጠፋ ጊዜ የሚቀረው ምስክር መዝገበ ቃላቱ ነው። ምስክሩ «የሸክላ ዕቃ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፥ የልጅ ልጆቻችን ጋንን ከምንቸት የሚለዩበት ምንም አያገኙም።

ሁለተኛው ጕድለት ጠቅላላው ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስፋት ያለው መስሎ መታየቱ ነው። በእውነቱ ግን ብዙ ጠቅላላ ቃላት ሁለት ስፋት አላቸው። «ከብት» የሚለውን እንውሰድ። «የቀንድ ከብት» እና «የጋማ ከብት» የሚሉት አነጋገሮች በሬንም ፈረስንም፥ አህያንም በቅሎንም የሚያጠቃልል ሰፊ ትርጓሜ እንዳለው ያረጋግጣሉ። ነገር ግን እረኛ «ከብቶቹን አስገባ» ሲባል ላሞቹንና በሬዎቹን ያስገባል እንጂ በቅሎዋን ይፈልጋል ማለት አይደለም። እንግዲህ ተመራማሪው «ከብት አለህን?» ብሎ ቢጠይቅና አንድ አህያ ብቻ ያለው ሰው «የለኝም» ቢለው፥ ሰውዬው አልዋሸም፤ ጠያቂው በሰፊው ትርጓሜ ጠየቀ፥ ተጠያቂው በጠባቡ መለሰ። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መዝገብ ድኾችን ከሆኑት በላይ ድኾች አድርጎ ያቀርባቸዋል። አሉታ ሲመጣ ጠቅላላ ቃል ብዙ ይናገራል ያልነው እዚህ ላይ ጕዳቱ ይታያል።

«እህል»ም እንዲሁ ነው። «እህል አልቀመሰም» ስንል ማንኛውንም ምግብ ማለታችን ነው፤ «እህል ተወደደ» ስንል ከጤፍና ከስንዴ ጀምሮ እስከ ባቄላና ሽምብራ ድረስ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ «እህልና ጥራጥሬ» ስንል ግን ባቄላውና ሽምብራው ከእህል ወጥተው ጥራጥሬ ይባላሉ። ሦስቱም አነጋገር ትክክል ነው። ጠቅላላው ቃል ከራሱ ክፍል ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ይጠብባል፤ ብቻውን ሲቆም ይሰፋል። «ፈረስ» ከ«ባዝራ» ጋር ሲነጻጸር ወንዱን ብቻ ይላል፤ ብቻውን ሲነገር ሁለቱንም ያጠቃልላል። «ወጥ» ከ«አልጫ» ጋር ሲጠቀስ በርበሬ የገባበት ይሆናል፤ አለዚያ ግን አልጫውም ወጥ ነው። በሬም ከላም ጋር ሲቆም ወንድ መሆኑን፥ ከኮርማ ጋር ሲቆም የተኰላሸ መሆኑን፥ ከወይፈን ጋር ሲቆም ዕድሜው የደረሰ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ የአንድን ቃል ትርጓሜ ለመወሰን ቃሉን ብቻውን መመርመር አይበቃም፤ በንግግሩ ውስጥ ከጎኑ የቆመው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቃላት በዘመን ብዛትም ከጠቅላላነት ወደ ዝርዝርነት ይወርዳሉ። በግእዝ «ላህም» በሬንም ላምንም ይጠራል፤ በአማርኛ ግን «ላም» ሴቲቱ ብቻ ናት። የግእዙ «እክል» መብልንም እህልንም ያጠቃልላል፤ የአማርኛው «እህል» የመብልነቱን ትርጓሜ በአንዳንድ አነጋገር ብቻ አስቀርቷል። በሌሎቹ የሴም ቋንቋዎችም የታወቀ ምሳሌ አለ፤ አንዱ ሥር በዕብራይስጥ «ሌሔም» ሆኖ እንጀራን፥ በዐረብኛ «ላሕም» ሆኖ ሥጋን ይጠራል። ይህ የዐረብኛው ቃል በሐመሩ ሐ የሚጻፍ ስለ ሆነ ከግእዙ ላህም ጋር በድምፅ መመሳሰሉ አንባቢን ሊያሳስተው አይገባም። የጥንት የግእዝ ሰነድ የሚያነብ ተማሪ «ላህም» የሚለውን ባየ ቍጥር «ላም» ብሎ የተረጐመ እንደ ሆነ፥ ለገዳም የተሰጠው የእርሻ በሬ በእርሱ ትርጕም ውስጥ የምትታለብ ላም ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያም ተነሥቶ ስለ ገዳሙ ኢኮኖሚ የሚሰጠው ሐተታ ሁሉ ከመሠረቱ የተሳሳተ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሦስተኛው ጕድለት ግን ዝርዝር ያልሆነውን ዝርዝር ማድረግ ነው። ስለ ሀገራችን የመሬት ሥሪት በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ርስትና ጉልት ብዙ ጊዜ «የመሬት ዓይነቶች» ተብለው ይቈጠራሉ። ይህ ትክክል መሆኑን ለመመርመር አንድ ቀላል ፈተና አለ። የአንድ ጠቅላላ ቃል እውነተኛ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ አንዲት እንስሳ ባንድ ጊዜ በሬም ላምም ልትሆን አትችልም። ርስትና ጉልት ግን አይገፋፉም። አንድ ማሳ አባቶቹ ያቀኑት በመሆኑ በትውልድ ቈጠራ ለሚያርሰው ገበሬ ርስት ሲሆን፥ ግብሩን እንዲቀበል ለተሾመው መኰንን ወይም ለደብሩ ጉልት ይሆን ነበር። መሬቱ አንድ ነው፤ በእርሱ ላይ ያለው መብት ሁለት ነው። እንግዲህ ርስትና ጉልት «መሬት» የተባለው ቃል ዝርዝሮች አይደሉም፤ «መብት» የተባለው ቃል ዝርዝሮች ናቸው። አለን ሆበን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ባሳተሙት ስለ ዐማራ አገር የመሬት ይዞታ በሚናገረው መጽሐፋቸው ርስትን በትውልድ ሐረግ ላይ የተመሠረተ የይገባኛል መብት አድርገው በሰፊው ያስረዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ጉልትን የመሬት ዓይነት አድርጎ የሚያይ ጸሐፊ፥ ጉልተኛው መሬቱን እንደ ግል ንብረቱ ይዞት ነበር ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል፤ ርስተኛውም በገዛ አባቶቹ ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ይታያል። የየካቲት 1967 ዓ. ም. ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ የጋራ ሀብት ባደረገ ጊዜ በአንድ ጠቅላላ ቃል ብዙ ልዩ ልዩ መብቶችን ባንድነት ሻረ። ለሕግ አውጪ እንዲህ ያለው ጠቅላላነት ጠቃሚ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ለታሪክ ጸሐፊና ለባህል ተመራማሪ ግን በዚያው ቃል መጠቀም፥ ከዐዋጁ በፊት የነበረውን ኑሮ ከዐዋጁ በኋላ በወጣ መነጽር ማየት ይሆንበታል።

የዓይነትንና የክፍልን ነገር አለመለየትም የዚሁ ስሕተት ዘመድ ነው። ሻኛ፥ ዳቢት፥ ሽንጥ፥ ፍርምባ፥ ጭቅና የሥጋ ዓይነቶች ናቸው ቢባል ከሥጋ ሻጭ ፊት ልክ ነው፤ በሬው ከመታረዱ በፊት ግን የአካሉ ክፍሎች ናቸው። ሕዝባችን ራሱ ይህን ለይቶ «ብልት» የሚል ቃል አበጅቷል፤ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት ሲባል አሥራ ሁለት ዓይነት ዶሮ አለ ማለት አለመሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ብልቱ ለማን እንደሚቀርብ በግብዣ ላይ የክብርን ደረጃ ያሳያል። ስለዚህ ስለ አንድ ድግስ ሲጽፍ «ለእንግዳው ሥጋ አቀረቡለት» ያለ ተመራማሪ፥ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፥ ሊጻፍ የሚገባውን ዋናውን ነገር ትቶታል።

ወደ ዝምድና ስሞች ስንሻገር ጠቅላላው ቃል ሌላውን ቋንቋ እንዴት እንደሚሸፍን እናያለን። በአማርኛ የአባትም ወንድም የእናትም ወንድም «አጎት» ነው፤ የሁለቱም እኅት «አክስት» ናት። በትግርኛ ግን የአባት ወንድም «ሓወቦ»፥ የእናት ወንድም «ኣኮ»፥ የአባት እኅት «ኣሞ»፥ የእናት እኅት «ሓትኖ» ይባላሉ። አማርኛ በሁለት ቃል የሚጠራውን ትግርኛ በአራት ይለያል። ስለ ውርስ ወይም ስለ ጋብቻ በትግርኛ የተነገረ ቃል በአማርኛ ሲጻፍ ሓወቦም ኣኮም «አጎት» ሆነው ከቀሩ፥ ነገሩ በአባት ወገን ይሁን በእናት ወገን የሚያውቅ አንባቢ አይኖርም፤ ብዙ ጊዜ ግን የክርክሩ ሥር በዚያ ላይ ነው። ከዚህም ተነሥቶ አማርኛ ተናጋሪው የአባቱን ወገን ከእናቱ ወገን አይለይም ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ባስፈለገው ጊዜ «የአባቴ ወንድም» ወይም «የእናቴ ወንድም» ብሎ አጥርቶ ይናገራል። ልዩነቱ አንዱ ቋንቋ ልማድ አድርጎ ሁልጊዜ የሚናገረውን ሌላው ሲያሻው ብቻ መናገሩ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስሞች ነው፤ ግሦችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። «ቈረጠ» ጠቅላላ ግሥ ነው። ከእርሱ በታች አጨደ፥ ሸለተ፥ ላጨ፥ ከረከመ፥ ከተፈ፥ ገዘገዘ፥ መለመለ፥ ቈረሰ የመሳሰሉት ይገኛሉ። ስሞቹ በነገሩ ጾታና ዕድሜ እንደሚለያዩ ሁሉ፥ ግሦቹ በመሣሪያውና በሚቈረጠው ነገር፥ በሥራውም ዓላማ ይለያያሉ። አጨደ ካለ ማጭድ አለ፤ ገዘገዘ ካለ የመሣሪያው መመላለስ አለ፤ ከተፈ ካለ የሚደቀው ነገር አለ። «ዳቦ ቈረሰ» ሲባል በበዓል ቀን መርቆ የሚቈርሰው ሽማግሌ ይታሰባል፤ በቅዳሴ ጊዜ ለሚሆነው ደግሞ «ፈተተ» የሚል የራሱ ቃል አለ። ሦስቱንም በ«ቈረጠ» የጻፈ ሰው የማእዱን፥ የበዓሉንና የቤተ መቅደሱን ሥርዐት ባንድ ቢላዋ ቈርጧቸዋል።

አሁን ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ያለውን ስሕተት እንመልከት። በምዕራቡ ዓለም ብዙ ዘመን የኖረ አንድ አሳብ ነበር፤ ይኸውም ያልሠለጠኑ የሚባሉ ሕዝቦች ዝርዝር ቃላት በብዛት አሏቸው፥ ነገሮችን ጠቅልሎ የሚያስብ አእምሮ ስለሌላቸው ግን ጠቅላላ ቃላት የሏቸውም የሚል ነው። እንደ ኦቶ የስፐርሰን ያሉ ታላቅ የቋንቋ ሊቅ እንኳ በ1922 «ቋንቋ» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ዙሉዎች ለቀይ ላምና ለነጭ ላም ስም አላቸው፥ ለላም ግን ስም የላቸውም የሚለውን ከሌሎች ተቀብለው ደገሙት። የዙሉን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ግን «ኢንኮሞ» የሚባል ከብትን ባንድነት የሚጠራ የታወቀ ቃል እንዳለ ያውቃል። የቼሮኪ ሕዝብም ለማጠብ ብዙ ግሦች እንጂ አንድ ጠቅላላ ግሥ የለውም ይባል ነበር፤ አርቺባልድ ሂል በ1952 ነገሩን መርምረው አብዛኛው ልዩነት ከግሡ ርባታ የመጣ መሆኑን አሳዩ። አጠብኩ፥ አጠበችው፥ አጠቡን የሚሉትን እንደ ልዩ ልዩ ግሦች ቢቈጥር አማርኛም «ማጠብ» የሚል አሳብ የሌለው ቋንቋ ይመስል ነበር። ስለ በረዶ ስሞች የሚነገረውም እንዲሁ ነው፤ ፍራንዝ ቦአዝ በ1911 ስለ ኤስኪሞ ቋንቋ ሲጽፉ የጠቀሱት አራት ቃላትን ሲሆን፥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቍጥሩ እንዴት እየበዛ እንደ ሄደ ሎራ ማርቲን በ1986 ገልጸውታል።

ይህን የምናነሣው በእኛም ቋንቋዎች ላይ ተመሳሳይ ፍርድ እንዳይሰጥ ነው። አማርኛ ወንድምንና እኅትን ባንድነት የሚጠራ አንድ ነጠላ ቃል የለውም፤ ነገር ግን «ወንድም እኅት» ብሎ ሁለቱን ዝርዝሮች በማጣመር ጠቅላላውን ያገኛል። «እናት አባት» ወላጆች ናቸው፤ «እህል ውሃ» የሰው መኖሪያ የሆነው መብልና መጠጥ ሁሉ ነው፤ «ቤት ንብረት» ያለው ሀብት በሙሉ ነው፤ «ሣር ቅጠሉ» ሲባልማ ሣሩም ቅጠሉም ቀርቶ ሰው ሁሉ ማለት ይሆናል። ቋንቋችን ጠቅላላ አሳብን ከሚገልጽባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ጥምረት ነው። መዝገበ ቃላት ግን ቃላትን አንድ በአንድ ነጥሎ ስለሚያሰልፍ፥ እንዲህ ያለው ጠቅላላ ቃል ከሁለቱ ራስጌዎች መካከል ወድቆ ይቀራል። ከዚያም የመጽሐፉን ባዶ ቦታ ያየ ሰው የሕዝቡ አእምሮ ባዶ መስሎ ይታየዋል።

በእንጀራ ላይ የሆነውም ሊዘነጋ አይገባም። እንጀራ በመሠረቱ የአንድ የታወቀ ምግብ ዝርዝር ስም ነው፤ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ስንል ግን መተዳደሪያን ሁሉ ያጠቃልላል። እንግዲህ ቃል ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም ይጓዛል። ከዝርዝሮቹ መካከል ወደ ጠቅላላነት ከፍ ያለው የትኛው እንደ ሆነ መመርመር፥ ያ ሕዝብ ከነገሮች ሁሉ ምንን እንደሚያስቀድም ያሳያል።

በዚህ ትችት ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። መዝገበ ቃላት ስለ ዓለም ያለውን ዕውቀት ሁሉ ሊይዝ አይችልም፤ የወይራን ባሕርይ ከዕፅዋት ሊቅ፥ የጋንን አሠራር ከሸክላ ሠሪ መጠየቅ ይገባል ይባላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው ዕውቀቱን ሁሉ አይደለም፤ ቃሉን ከቅርብ ጎረቤቱ የሚለየውን ያኽል ብቻ ነው። ለጋን «ጠላ የሚጣልበት፥ ከሁሉ የሚበልጥ የሸክላ ዕቃ» ማለት ይበቃል፤ ይህም ከአንድ መስመር አይበልጥም። ጠቅላላው ቃል የፍቺው መነሻ ይሁን፤ መድረሻው ግን ልዩነቱ መሆን አለበት።

ለተመራማሪው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ሮጀር ብራውን በ1958 እንዳስረዱት፥ አንድን ነገር በየትኛው ደረጃ ስም እንደምንጠራው የሚወስነው ነገሩ ለእኛ ያለው ጥቅም ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከሥራዋ መካከል «የሸክላ ዕቃ» አትልም፤ እንዲህ የሚለው ከገበያ መጥቶ የሚያልፈው ሰው ነው። ጠቅላላ ቃል የሩቅ ሰው፥ ዝርዝር ቃል የቅርብ ሰው ነው። እንግዳም ሲጠይቅ ባለ አገሩ በጨዋነት ወደ እንግዳው ደረጃ ወጥቶ በጠቅላላ ቃል ይመልስለታል። ስለዚህ ተመራማሪው የተሰጠውን የመጀመሪያ መልስ ይዞ ከሄደ፥ የጻፈው የሕዝቡን ዕውቀት ሳይሆን ሕዝቡ ለእንግዳ የሚናገርበትን ቋንቋ ነው።

ከዚህ በኋላ የሕዝብን ልማድ ለመጻፍ የሚነሡ ተማሪዎች አንድ ቃል ባገኙ ቍጥር አራት ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው። መጀመሪያ፥ ይህ ቃል ከየትኛው ሰፊ ቃል በታች ይውላል? ሁለተኛ፥ ከጎኑ ያሉት ዝርዝሮች እነማን ናቸው፥ እርስ በርሳቸውስ ይገፋፋሉ ወይስ እንደ ርስትና ጉልት ባንድ ነገር ላይ አብረው ይውላሉ? ሦስተኛ፥ ቃሉ ብቻውን ሲቆምና ከባልንጀራው ጋር ሲቆም ስፋቱ ይለወጣልን? አራተኛ፥ ይህን ቃል የሚናገረው ማን ነው፥ ለማንስ ሲናገር ነው? ለእነዚህ መልስ የተገኘለት ቃል በመጽሐፍ ላይ ቢሰፍር፥ ነገሩ ራሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ የሚያነበው ሰው ሊያውቀው ይችላል። መልስ ያልተገኘለት ቃል ግን ቢጻፍም በ«ዓይነት» እና በ«ስም» ተሸፍኖ፥ ካልተጻፈው ቃል እምብዛም ሳይሻል ይኖራል።